ደሴ ላይ ሲግናሉ ሙሉ፣ ዳታው ቀርፋፋ፦ ፊት ለፊት የሚተያዩ ጣቢያዎችን እንዴት እናስማማ?

ጦሳ_ግርጌ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ከደሴ መሬት አቀማመጥ ይነሳል። ከተማዋ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። በሁለቱም ወገን ተዳፋት ላይ ጣቢያ ሲተከል አንዱ የሌላውን ሰፈር አሻግሮ ያያል። ታች የቆመ ስልክ ሲግናል አይቸግረውም፤ የሚያስቸግረው ሦስት ጣቢያ እኩል መስማቱ ነው።

ለውይይት እንዲመች በ4ጂ፣ በ1800 ሜጋ ኸርዝ፣ በ10 ሜጋ ኸርዝ ስፋት አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። ቁጥሮቹ ለስሌት የወሰድኳቸው እንጂ የመስክ ልኬት አይደሉም። የሚያገለግለው ሴል −82 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይበረታል)፣ ከማዶ የሚመጣው −84፣ ከጎን −86 ይሁን። ሁለቱ ጣልቃ ገቦች ሲደመሩ −81.9 ይሆናሉ፤ ኤስአይኤንአር (ምልክቱ ከጣልቃ ገብነትና ከጫጫታ የሚበልጥበት ልክ) ዜሮ ዲቢ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በሻነን ቀመር (የመስመር አቅም ጣሪያ ማስያ) ይህ ከአንድ ኸርዝ በሰከንድ 1 ቢት ነው። 50ዎቹ ሪሶርስ ብሎኮች (ሞገዱ የሚታደልባቸው ቁራጮች) 9 ሜጋ ኸርዝ ስለሚይዙ ጣሪያው በአንድ ስትሪም 9 ሜጋ ቢት ይሆናል፤ እሱንም ሴሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይካፈለዋል። ስልኩ ግን መስመሩን ሁሉ ሞልቶ ያሳያል።

ጣቢያዎቹ በኤክስ2 (ጣቢያን ከጣቢያ በሚያገናኘው መስመር) እየተነጋገሩ እንዲቀናጁ ነው የምፈልገው። አይሲአይሲ (ጎረቤት ሴሎች ሞገድና ኃይል ተከፋፍለው እንዳይነካኩ ማድረግ)፣ ኢአይሲአይሲ (ትልቁ ጣቢያ በየተራ ዝም ማለቱ)፣ ኮምፕ (ጣቢያዎች ተጣምረው ወይም ተቀናጅተው መላካቸው) የሚባሉት መንገዶች አሉ። ለእንዲህ ያለ ቦታ የቱ ይቅደም?

የቦርከና_ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ ጣቢያዎቹ ከመነጋገራቸው በፊት አንቴናዎቹ አንገታቸውን ይድፉ። ሜዳ ላይ ጎረቤት ማለት ቅርብ ያለው ነው። ደሴ ላይ ጎረቤት ማለት የሚያይህ ነው፤ 3 ኪሎ ሜትር ማዶ ቢሆንም።

ያንተኑ ምሳሌ ይዤ ላስላው። ስልኩ ከራሱ ጣቢያ 1.2 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 150 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ከፍታውን ለርቀቱ አካፍለህ የታንጀንቱን ማዕዘን ስታወጣ 7.1 ዲግሪ ነው። ከማዶው ጣቢያ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በዚያው 150 ሜትር ዝቅ ካለ 2.9 ዲግሪ። ሁለቱም አንቴናዎች በ3 ዲግሪ ቲልት (ወደ ታች ማዘንበል) ከተሰቀሉ የማዶው ጨረር ስልኩን ልክ ግንባሩ ላይ ይመታዋል፣ የራሱ ጣቢያ ግን በአናቱ በኩል ያልፈዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል ማለት ነው።

የቁመት ጨረር ስፋቱ 7 ዲግሪ ለሆነ አንቴና በተለመደው ሞዴል ቅነሳው እንዲህ ይወጣል፦ ከጨረሩ መሃል የወጣህበትን ማዕዘን ለ7 አካፍል፣ በራሱ አባዛ፣ ከዚያ በ12 አባዛ። 4.1 ዲግሪ ብትወጣ 4.1 ዲቢ ታጣለህ። አሁን ሁሉንም ወደ 7 ዲግሪ አውርዳቸው። የራስህ ጣቢያ ከ−82 ወደ −78 ይወጣል፣ የማዶው ከ−84 ወደ −88 ይወርዳል፤ የጎኑም በተመሳሳይ ርቀትና ከፍታ ነው ካልን −90 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ −85.9። ኤስአይኤንአር ከዜሮ ወደ 8 ዲቢ ገደማ ወጣ፤ ከ1 ቢት ወደ 2.8 ቢት። አንድም መልእክት በኤክስ2 አልተላከም፣ አንድም ፈቃድ አልተገዛም።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን እዚህ ጋ ነው፦ ማዶ ተዳፋቱ ላይ ከአንቴናው እኩል ከፍታ ያለው ሰፈር። እሱ ዜሮ ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቅነሳው ከ2.2 ወደ 12 ዲቢ ይዘላል። ሰፈሩ በራሱ ወገን የሚያገለግለው ጣቢያ ካለው እሰየው፣ ጣልቃ ገብነቱ ወረደለት። በዚያ በማዶ ጣቢያ ብቻ ሲገለገል ከኖረ ግን ጨለማ ውስጥ ነው የምትጥለው። ስለዚህ ቲልት ከመንካት በፊት እያንዳንዱ ተዳፋት በማን እየተገለገለ እንደሆነ ካርታ ላይ ይቀመጥ። ለውጡም በአንድ ጊዜ 2 ዲግሪ ብቻ።

ሜካኒካል ቲልትን (አንቴናውን ራሱን ማጋደልን) አታብዛው። ጨረሩ ፊት ለፊት ሲወርድ ጎንና ጎኑ ባለበት ይቀራል፤ ሽፋኑ ወደ ጎን ያብጣል፣ የኋላው ጨረር ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል። ከበስተኋላው ተራራ ያለበት ጣቢያ ላይ ያ የኋላ ጨረር የላይኛውን ሰፈር ይመታል። ኤሌክትሪካሉ (አንቴናው ሳይነካ ጨረሩን ብቻ የሚያወርደው) ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ያወርዳል። ቲልቱ ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የላይኛው ጎን ጨረር ማዶውን ሊመታ ይችላል። ከላይ የሰጠሁት ቀመር ይህን አያውቅም፤ የአንቴናውን የጨረር ፋይል ከፍቶ ማየት ነው።

ሰላም_በር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከቲልቱ ጋር አብሮ የሚሄደው የፒሲአይ (የሴሉ መለያ) ቁጥር ነው። በ4ጂ ከ0 እስከ 503፣ በድምሩ 504 ቁጥሮች አሉ። ቁጥሩ ለ3 ተካፍሎ የሚተርፈው ቀሪ ዋናውን የማመሳሰያ ምልክት ይወስናል፤ በሁለት አንቴና ወደብ የሚያስተላልፍ ሴል ላይ የማጣቀሻ ምልክቱ የሚያርፍባቸውን ንዑስ ሞገዶችም እንዲሁ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሴክተሮች ቀሪያቸው አንድ ከሆነ ምልክት በምልክት ላይ ይወድቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ተጠቃሚ በሌለበት እንኳ፣ ኤስአይኤንአር ዝቅ ብሎ ታዩታላችሁ።

የተለመደው አመዳደብ በ0 ዲግሪ የሚያየው ሴክተር ቀሪ 0፣ በ120 የሚያየው 1፣ በ240 የሚያየው 2 ነው። በዚህ ከተሄደ የጦሳው ምሥራቅ ተመልካች 1፣ የማዶው ምዕራብ ተመልካች 2 ስለሚሆኑ አይጋጩም። ተዳፋት ላይ ግን አንቴናው ለመሬቱ ሲባል 60 ወይም 90 ዲግሪ ዞሮ ይሰቀላል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያኔ በወረቀት ላይ እንደተሰጠው ይቀራል። ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ነው። አዚሙት (አንቴናው የሚያይበት አቅጣጫ) ሲዞር ቁጥሩም አብሮ ይታሰብ።

አንድ ማስተካከያ፦ ይህ ሕግ የሚሠራው ሴሎቹ በጊዜ ከተመሳሰሉ ነው። ባልተመሳሰለ ኤፍዲዲ (መላኪያና መቀበያ ሞገዱ የተለያየበት አሠራር) የፍሬሙ መነሻ ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚለያይ ቀሪዎቹን ማለያየት የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል።

ጦሳ_ግርጌ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቲልቱ ገባኝ። 8 ዲቢ ላይ ደረስን እንበል። ከዚህ በኋላ ድሮ በ2ጂ እንደሚደረገው ሞገዱን ለሦስት ከፍሎ ለየሴክተሩ ማደል ለምን አይሆንም?

ገራዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡45

ስለሚያከስር። ሞገዱን ለሦስት ስትከፍል 20 ዲቢ ብታገኝ እንኳ 6.7 ቢት ለ3 ሲካፈል 2.2 ነው። ዜሮ ዲቢ ላይ የነበረው ሰው 1 ቢት ነበረው፣ አተረፈ። በቲልቱ 8 ዲቢ የደረሰው 2.8 ነበረው፣ ከሰረ። ጣቢያው ሥር 15 ዲቢ ላይ ያለው 5 ቢት ነበረው፣ ከግማሽ በላይ አጣ። ስለዚህ መክፈል ያለብህ ለዳር ሰው ብቻ ነው፤ የመሃሉ ሰው ሙሉውን ይጠቀም። ከፊል ሞገድ ድልድል የሚባለው ይህ ነው።

በተግባር 10 ሜጋ ኸርዝ ላይ ብሎኮቹ በሦስት በሦስት ተቧድነው 17 ቡድን ይሆናሉ። ቀሪ 0 ያለው ሴክተር ከመጀመሪያው ብሎክ፣ 1 ያለው ከ18ኛው፣ 2 ያለው ከ36ኛው ማደል እንዲጀምር ታደርገዋለህ (ከዜሮ ስንቆጥር)። ጭነቱ ከአንድ ሦስተኛ በታች እስከሆነ ድረስ ዳታቸው አይነካካም፤ ምንም ንግግር አያስፈልገውም። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ሲሞላ ግን ጥቅሙ ያልቃል፤ ያኔ ኃይል መለያየት ነው።

ኃይሉ የሚለያየው ፒኤ በሚባለው ቅንብር ነው። ስምንት ዋጋዎች ብቻ አሉት፦ −6፣ −4.77፣ −3፣ −1.77፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ዲቢ። ለመሃል ሰው −3 ሰጥተህ ለዳሩ 0 ወይም 1 ትሰጣለህ፤ የዳሩም ሰው በተመደበለት ሦስተኛ ክፍል ብቻ ይቀመጣል። ዋጋው ለስልኩ በአርአርሲ (የመቆጣጠሪያ) መልእክት ስለሚነገረው በየሚሊ ሰከንዱ አይቀያየርም። ሰውን ከመሃል ወደ ዳር የምታዛውርበትን መስፈርት ሁለት ደረጃ አድርገው፤ ለምሳሌ መግቢያው 3 ዲቢ ልዩነት፣ መውጫው 6። አንድ ቁጥር ብቻ ካስቀመጥህ ስልኩ ወዲያ ወዲህ ሲል መልእክቱ ያጥለቀልቅሃል።

ኤክስ2 የሚመጣው ከዚህ በላይ ነው። በ3ጂፒፒ (የሞባይል ኔትወርክ ደረጃ አውጪው ማኅበር) 8ኛ ዕትም ሦስት ነገሮች ይተላለፋሉ። አርኤንቲፒ ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቢት ነው፤ 0 ካለ «እዚህ ብሎክ ላይ ከተወሰነው ኃይል አላልፍም» የሚል ቃል መግባት ነው። ኤችአይአይ «እዚህ ብሎክ ላይ የዳር ሰው ሽቅብ (ከስልክ ወደ ጣቢያ) ላስቀምጥ ነው፣ ተጠንቀቅልኝ» ማለት ነው። ኦአይ ደግሞ የተጎዳው ወገን አቤቱታ ነው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ።

መርሳ_ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡00

አጭር ነገር ልጨምር። የጎረቤት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ስላለ ኤክስ2 አለ ማለት አይደለም። ኤክስ2 በኤስሲቲፒ (የመልእክት ማጓጓዣ ደንብ) ወደብ 36422 ነው የሚሄደው፤ መሃል ላይ ፋየርዎል ከዘጋው ሀንድኦቨሩ (ስልክን ከሴል ወደ ሴል ማሻገሩ) በኤስ1 (ጣቢያን ከኔትወርኩ ማዕከል በሚያገናኘው መስመር) በኩል ዞሮ ይሠራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። የጭነት መልእክት ግን አንዲትም አያልፍም፣ በኤስ1 አይዞርምና። መጀመሪያ የማዶዎቹን ጥንዶች የኤክስ2 ሁኔታ አንድ በአንድ እዩ። ከርቀታቸው የተነሳ በእጅ ከተሠራው ዝርዝር የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ባቲ_ሰኞ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጋሽ ገራዶ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ለምን እዚያ ላይ ይቆማል? 11ኛው ዕትም ኮምፕን አምጥቷል። ጣልቃ የሚገባውን ጣቢያ ዝም ከማሰኘት ያው ዳታ ከሁለቱም ቢላክ ጠላት የነበረው ምልክት ወዳጅ ይሆናል። ፋይበር ባለበት ከተማ ምን ይከለክለዋል?

የቦርከና_ማዶ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

የሚከለክለው ርቀቱ ነው፣ ፋይበር አያድነውም። በጣምራ ማስተላለፍ የሁለቱ ጣቢያዎች ምልክት በሳይክሊክ ፕሪፊክስ (በየሲምቦሉ ፊት ባለው የመጠበቂያ ጊዜ) ውስጥ፣ በ4.7 ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት መድረስ አለበት። ያ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከራሱ ጣቢያ ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ከማዶው 3 ኪሎ ሜትር የራቀ ስልክ ልዩነቱ 2.5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 8.3 ማይክሮ ሰከንድ ነው። የዘገየው ምልክት አንድ ክፍል ወደሚቀጥለው ሲምቦል ይገባና መልሶ ጠላት ይሆናል። ጣምራው የሚሠራው ከሁለቱም በግምት እኩል ለሚርቅ፣ ገበቴው ወለል ላይ ላለ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። መቀናጀቱ ቻናሉ ሳይቀየር መድረስ አለበት። በ1800 ሜጋ ኸርዝ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ዶፕለሩ (በእንቅስቃሴ የሚመጣው የሞገድ ለውጥ) 5 ኸርዝ ነው፤ ቻናሉ 85 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ዶፕለሩ 67 ኸርዝ፣ ቻናሉ የሚቆየው 6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ። የስልኩ ሪፖርት በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ቢመጣና ኤክስ2 ደግሞ ሌላ 10 ቢጨምር ለእግረኛው ይደርሳል፣ ለባጃጁ ያረጀ ወሬ ነው። ስለዚህ በአንድ ባንድ ላይ ያሉ የአንድ ጣቢያ ሴክተሮች መካከል ኮምፕን በደስታ አብሩት፤ እዚያ መዘግየት የለም። ለማዶ ጥንዶች የተቀናጀ መርሐ ግብር ይበቃል።

የዝምታንም ዋጋ አስሉት። 8 ዲቢ ላይ ላለው ሰው የማዶው −88 ዝም ቢል 12 ዲቢ ይደርሳል፤ ከ2.8 ወደ 4.1 ቢት። ማዶው ግን በዚያች ደቂቃ 15 ዲቢ ላይ ያለ የራሱን ሰው 5 ቢት ከልክሏል። 1.3 ለማትረፍ 5 መክሰር ነው። ዝምታ የሚያዋጣው ጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው፣ ማዶውም ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው።

ባቲ_ሰኞ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡00

የ1.4 ኪሎ ሜትሩ ስሌት አሳምኖኛል። የገበያውን ጉዳይስ? የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት፤ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ የሆነ ሜዳ በአንድ ቀን ይሞላል። እዚያ ትንሽ ሴል ተክሎ ትልቁን ጣቢያ በኢአይሲአይሲ ዝም ማሰኘት አይበጅም?

ገራዶ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ይበጃል፤ ለሱ የተሠራ ነው። 10ኛው ዕትም ላይ ትልቁ ጣቢያ ባዶ ሊባሉ የቀረቡ ንዑስ ፍሬሞችን ይተዋል። በኤፍዲዲ ንድፉ 40 ቢት ነው፣ እያንዳንዱ ቢት 1 ሚሊ ሰከንድ። በ40ው 5 ብለህ ጀምር፣ በየ8 ሚሊ ሰከንዱ አንድ እንዲሆን፤ የሽቅቡ የዳግም መላክ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ከሱ ጋር ይገጥማል። ከ40 10 ለማድረስ የትንሹ ሴል ተጠቃሚ ብዛት ያስገድድህ እንጂ በግምት አትጨምር።

ትንሹ ሴል ሰው እንዲሰበስብ አድልዎ ይሰጠዋል፦ ሲግናሉ እስከ 6 ዲቢ ቢያንስም ስልኩ ወደሱ ይሂድ። ከ6 በላይ ከሄድህ ስልኩ የትልቁን ጣቢያ የማጣቀሻ ምልክት ማጥፋት የሚችል መሆን አለበት፤ ባዶ በተባለው ንዑስ ፍሬም ውስጥም ያ ምልክት አይቆምምና። ብዙ ሰው አሮጌ ስልክ በሚይዝበት ገበያ 9 ዲቢ መስጠት ግንኙነት ማስቆረጥ ነው። እግረ መንገዴን፣ 5ጂ ይህ ያለማቋረጥ የሚጮህ ምልክት የለውም፤ ባዶ ሴል ከሞላ ጎደል ዝም ይላል።

ሰኞ ብቻ ከሆነ ንድፉ በሰዓት ይብራና ይጥፋ። ማክሰኞም በርቶ ከቀረ ትልቁ ጣቢያ ያለምክንያት አንድ ስምንተኛ አቅሙን ይጥላል።

ሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ኢአይሲአይሲም ሆነ ኮምፕ ያለ ሰዓት አይሠሩም፤ እስካሁን ግን ሰላም_በር በጨረፍታ ከነካው በቀር ማንም ስለሰዓት አላነሳም። ኤፍዲዲ ለራሱ የሚጠይቀው የሞገድ ትክክለኛነት ብቻ ነው፣ ከቢሊየን 50። ንዑስ ፍሬም በንዑስ ፍሬም ለመግጠም ግን የጊዜ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በ±1.5 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ከሆናችሁ ሥጋት የለም። ሰዓቱ የተንሸራተተ ትልቅ ጣቢያ ዝምታው ሌላ ሰዓት ላይ ይውልና ትንሹ ሴል «አሁን ጸጥታ ነው» ብሎ ሲልክ ጩኸት ይገጥመዋል። ኢአይሲአይሲ ሳይበራ ከነበረው የከፋ ይሆናል።

ጂፒኤስ አንቴናውን ገደል ሥር የተጠጋ ማማ ላይ ስትሰቅሉ ግማሽ ሰማዩ በተራራው ይጋረዳል። ቦታውን ለማወቅ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል፤ መጋጠሚያው በእጅ ተሞልቶ ቋሚ ከተደረገ ግን ለሰዓት አንዱም ይበቃል። ይህን ቅንብር ብዙዎች ይረሱታል። አንቴናው ከተራራው ተቃራኒ በሆነው የማማው ወገን ይሁን፣ ከሴክተር አንቴናው ጨረር ፊት ይራቅ።

ሰዓቱ በኔትወርክ፣ በፒቲፒ ከመጣ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ የማይክሮዌቭ ሆፕ (ቅብብል) ፒቲፒን የሚያውቅ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ካላወቀ ሰዓቱ ከትራፊኩ ጋር ይዋዥቃል። የመሄጃና የመመለሻ ልዩነት ደግሞ ግማሹ ስሕተት ሆኖ ይገባል፤ 4 ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት 2 ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት ነው፣ ከገደቡ አለፋችሁ። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ በኋላ ጣቢያው ሲነሳ ሰዓቱ እስኪቆልፍ ድረስ ኢአይሲአይሲው ራሱን እንዲያጠፋ አድርጉት።

ሰላም_በር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሽቅቡን አንርሳው። ሸለቆ ላይ ስልክም ማዶ ይሰማል። የኃይል ቅንብሩ ፒ0 (የመነሻ ኃይል ዒላማው) −80፣ አልፋ (ከመንገድ ኪሳራው የሚካካሰው ድርሻ) 0.8 ይሁን። ከራሱ ጣቢያ የመንገድ ኪሳራው 120 ዲቢ የሆነ ስልክ በአንድ ብሎክ 16 ዲቢኤም ይልካል፣ ጣቢያው ላይ −104 ሆኖ ይደርሳል። ማዶ ኪሳራው 125 ከሆነ እዚያ −109 ነው። የአንድ ብሎክ የተፈጥሮ ጫጫታ −121.4 ነው፤ የተቀባዩ 3.4 ሲጨመር −118። አንድ ስልክ የማዶውን ወለል (የጫጫታ መጠን) 9.5 ዲቢ አነሳው ማለት ነው። ኦአይ «ከፍተኛ» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ፒ0ን በ2 ዲቢ እያወረዱ የዳር ሰውን የሽቅብ ፍጥነት ማየት፤ ተቀባዩ አይአርሲ (ጣልቃ ገብ ምልክትን የሚያዳክም ዘዴ) ካለው ከሁሉ በፊት እሱን ማብራት።

ግን ወለሉ የተነሳው በጎረቤት መሆኑን አረጋግጡ። ሌሊት ተጠቃሚ ሳይኖር በቁልቁሉ (ከጣቢያ ወደ ስልክ) ሰው ሠራሽ ሙሉ ጭነት ልቀቁ። የሽቅቡ ወለል አብሮ ከወጣ ጥፋቱ ፒአይኤም (የሚላኩ ምልክቶች ተደባልቀው የሚፈጥሩት ጫጫታ) ነው፦ የላላ ወይም የዛገ ማገናኛ። 7/16 ማገናኛ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ 4.3-10 ደግሞ 5 ኒውተን ሜትር በቶርክ ቁልፍ ይጠበቃል፤ በእጅ ግምት አይሆንም። ጭነቱ ሲወጣም ሲወርድም ወለሉ ካልተንቀሳቀሰ፣ አንድ ሴክተር ላይ ብቻ ቀንና ሌሊት ከፍ ካለ፣ ሱቅ ውስጥ በግል የተሰቀለ ሲግናል ማጉያ ፈልጉ። ለሁለቱም ኤክስ2 መድኃኒት አይሆንም።

መርሳ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ደሴ ብቻ አይደለም። ከገደሉ ጠርዝ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያይ ሴክተር ኮምቦልቻን እንዳይረሳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በአየር መስመር 13 ኪሎ ሜትር ያህል። 650 ለ13,000 ሲካፈል 2.9 ዲግሪ ነው። «ለጥንቃቄ» ተብሎ በ3 ዲግሪ የተሰቀለ አንቴና፣ ተራራ ካልጋረደው፣ ዓይኑን ኮምቦልቻ ላይ ተክሏል። የሚታወቀው በቲኤ (የስልኩን ርቀት በሚያሳየው የጊዜ ማስተካከያ) ነው፤ በ4ጂ አንድ ደረጃ 78 ሜትር ስለሆነ በሂስቶግራሙ ከ160 በላይ ክምር ካያችሁ ያ ነው። ሐይቅ ላይም ውሃው የሚጋርደው ነገር ስለሌለ ከአንዱ ዳር የተለቀቀው ሌላው ዳር ይደርሳል።

ጦሳ_ግርጌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ያክብራችሁ። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይዤዋለሁ፦ የሽቅቡን ወለልና ፒአይኤም ማጽዳት፣ ቲልት፣ ፒሲአይ፣ የማዶዎቹ ኤክስ2፣ ከዚያ የዳር ሰው ድልድል። የቀረኝ መለካቱ ነው። አማካይ ኤስአይኤንአር ማየት ይበቃል?

ገራዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

አይበቃም። አማካዩ የመሃሉን ሰው ደስታ ይዞ የዳሩን ጭንቅ ይደብቃል። የሲኪውአይ (ስልኩ የሚያሳውቀው የቻናል ጥራት ቁጥር) ስርጭቱን ከ1 እስከ 15 ዘርግተህ ከ1 እስከ 4 ያለው ድርሻ ስንት እንደነበርና ስንት እንደሆነ እይ። ከታች 5 በመቶው ተጠቃሚ የሚያገኘውን ፍጥነትም ለብቻው አውጣ። አንድ ለውጥ አድርገህ ቢያንስ ሳምንት ጠብቅ፣ ሰኞን ከሰኞ፣ የማታ 3 ሰዓትን ከማታ 3 ሰዓት አነጻጽር፤ የበዓል ሳምንት አትጠቀም። በእግር የምትለካውንም በመኪና መንገድ ብቻ አትወስነው፤ ዋናው አስፋልት ሸለቆው ወለል ላይ ነው፣ ጣልቃ ገብነቱ የሚብሰው ደረጃ ወጥተህ ማዶው ፊት ለፊትህ የሚገለጥበት ቦታ ላይ ነው። የሽቅብ ፍጥነትና የተቋረጠ ጥሪ ከለውጡ በኋላ ከከፋ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሰው፤ የድሮውን ቅንብር ፋይል ቀኑን ጽፈህ ለብቻው አስቀምጥ።